በሶፍት የተጠቀለለው

ኔቪል ክራብትሪ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ነገር አገኘ። ሰማያዊ ጥብጣብ ነው። ጫፉ ላይ ፎቶግራፉ፣ ከሥሩም ስሙና «የሕዝብ ተወካይ» የሚል ጽሑፍ አለበት። የሄዝልደን ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ተወካዮች አሉት፤ የየሰፈሩን ሰው ድምፅ ያሰማሉ፣ በሸንጎ ተቀምጠው አለቆቹን ይጠይቃሉ፣ አንዳንዴም በየክፍሉ እየዞሩ የበሽተኛውን አያያዝ ያያሉ። ደሞዝ የላቸውም። የአውቶቡስ መሳፈሪያና ሻይ ከብስኩት ጋር አላቸው።

ሌላው ሰው ጥብጣቡን ከስብሰባ ሲወጣ ኪሱ ይከተዋል። ኔቪል ግን ዳቦ ሊገዛም ሲሄድ አያወልቀውም ነበር። ጉልበቱን በጨረሰበት የምንጣፍ ፋብሪካ ውስጥ «አንተ!» ከመባል በቀር በስሙ የጠራው አለቃ አልነበረም። አሁን የሸንጎው ሰብሳቢ፣ ዕንቁ ያሰረችው ወይዘሮ ፔኔሎፔ፣ በሰው ሁሉ ፊት «ኔቪል፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ትለዋለች። የሚለው ባይኖረውም ጆሮው ድረስ ይሞቀዋል።

ሙቀቱን የሚያቀዘቅዝበት አንድ ሰው ነበር፤ ጥቂት በሮች አልፎ የሚኖረው ሮይ ሀርግሪቭስ። ሮይ የሠራተኞች ክበብ ጸሐፊ በነበረበት ዘመን ኔቪል ለኮሚቴ ተወዳድሮ ነበር። ውጤቱን ቢራ በያዘው ሕዝብ ፊት ያነበበው ሮይ ነው።

«ኔቪል ክራብትሪ፣ አንድ ድምፅ!» አለና ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ፈለገ። «ኧረ ጎበዝ፣ ይቺ የማን ናት? ባለቤቷ መጥቶ ይውሰዳት!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ባለቤቷ ራሱ ኔቪል ነበር፤ ይህን ያላወቀም ሰው አልነበረም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ሮይ ግን የወጋውንም አልረሳም፤ በየጊዜው ቁስሉን ነካ ነካ ያደርገው ነበር።

ለሆስፒታሉ ተወካይነት ከሰፈሩ ሌላ የቀረበ ስላልነበረ ኔቪል ያለ ተወዳዳሪ አለፈ። ሮይ ወሬውን ሲሰማ አጥሩን ተደግፎ ጠበቀው።

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም አሉ! እንኳን ደስ ያለህ አገረ ገዥ! እንግዲህ የሽንት መቀበያው ሁሉ በአንተ ትእዛዝ ሊደፋ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ኔቪልን ባየ ቁጥር ቀኝ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ እንደ ወታደር ሰላምታ ይሰጠው ጀመር። ኔቪል ጀርባውን አዙሮ ይሄዳል፤ የሚመልሰውም ነገር ትዝ የሚለው ሁልጊዜ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ብርዱ ሲጠና ሮይ በረዶ አዳለጠውና ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታሉ ተኛ።

ኔቪል ያገኘው በጉብኝት ቀን ነው። ወይዘሮ ፔኔሎፔ ከፊት፣ ፎቶግራፍ አንሺ ከኋላ፣ ተወካዮቹ መሀል ሆነው አጥንት የተሰበረባቸው ወደሚተኙበት ክፍል ገቡ። ምሳ ገና መነሳቱ ነበር። ሮይ በትራስ ተደግፎ ቀና ብሏል፤ ፊቱ ከስቶ፣ ግራ እጁን አፉ ላይ ከድኗል። ፊቱ የተደቀነችው ጠረጴዛ ላይ የተነካካ ፑዲንግ፣ ግማሽ የተጠጣ ሻይና የተጨማደደ ሶፍት ነበሩ።

እውነቱን እንናገር፤ የኔቪል ልብ ደስ አላት። ያ ሰውን ሁሉ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ሲበልት የኖረ ሰውዬ ዛሬ ጋደም ብሏል፣ እሱ ደግሞ ቆሟል። ፎቶግራፍ አንሺው ሲጠጋ ኔቪል ቀደም ብሎ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደ።

«ይቺንማ እናጽዳት እንጂ፤ የኛ ክፍል እንዲህ አይታይም» አለ፣ ሰብሳቢዋ እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የኛ» ማለቱ ለራሱም ጣመው። ሶፍቱን አነሳና የቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረው።

ሮይ ቀኝ እጁን ከአልጋው ላይ አነሳ። ኔቪል እጁ ወዴት እንደሚሄድ ያወቀ መሰለው፤ ግንባሩ ላይ እስኪደርስ አልጠበቀም፤ ጀርባውን አዞረ። ከኋላው የታፈነ ድምፅ ሰማ። ይሳቅ፣ አለ በሆዱ፣ ዛሬ እንኳ አልተወኝም። ወይዘሮ ፔኔሎፔ ክንዱን ይዛ «ኔቪል፣ እርስዎ ያሉበት ክፍል የታደለ ነው» አለችው። ፎቶው ተነሳ። በፎቶው ላይ ከኔቪል ትከሻ በስተጀርባ አንዲት ከፍ ያለች እጅ ትታያለች።

በሳምንቱ የሮይ ሚስት ሞሪን በሩን አንኳኳች። ዝናብ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«የሮይን ጥርስ አጠፉት» አለችው። «ድዱን ሲቆረቁረው አውልቆ በሶፍት ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ነበር። ወስደው ጣሉት። አሁን ሰው ፊት አይበላም፤ ሾርባ እንኳ መጋረጃው ካልተጋረደ አልጠጣም ይላል። እህል ካልበላ ደግሞ አጥንቱ እንዴት ይገጥማል? ሌላ እስኪሠሩለት ድረስ ሰውነቱ ያልቃል። ተወካያችን አይደለህ? ጠይቅልን እንጂ።»

ኔቪል የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ። ሶፍቱ ከብዶት ነበር። ሶፍት እንዲህ እንደማይከብድ እጁ ያን ጊዜውኑ ነግሮት ነበር፤ እሱ ግን ልቡ ፎቶው ላይ ነበርና አልሰማውም።

ያኔ አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። «እኔ ነኝ ሞሪን» ማለት ምን ያህል ቃል ነው? እሱ ግን «እጠይቃለሁ» አላት። «ዝም አልልም።»

ዝምም አላለም። ሆስፒታሉ ለከተማው ሰው ስብሰባ የሚጠራበት ቀን ደረሰ። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ እስከ በሩ ሞልቷል። ኔቪል ማይክሮፎን ሲደርሰው አሠሪዎቹ፣ የክበቡ ሳቅ፣ ያቺ አንዲት ድምፅ፣ ሁሉም ጉሮሮው ላይ መጡና ልሳኑ ተፈታ።

«የሰፈሬ ሰው ዳሌውን ሊታከም ገብቶ ጥርሱን አጥቶ ይወጣል?» አለ። «እዚህ አገር ድሃ ሲተኛ አፉም አብሮ ነው እንዴ የሚወሰደው? የጣለው ሰው ማነው? ስሙ ይነገረን!»

ስሙ ይነገረን ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ያ ነው በኋላ ሌሊቱን ሁሉ ያቃጠለው። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበለት። እንዲህ ያለ ጭብጨባ ለሱ ተብሎ ሰምቶ አያውቅም፤ ደግሞም ጣፈጠው።

ወይዘሮ ፔኔሎፔ ዕንቁዋን ነካ ነካ እያደረገች ተነሳች። «አቶ ክራብትሪ ተገቢ ጥያቄ ነው ያነሱት። ምሳ የምታነሳው ሠራተኛ ነገሩ እስኪጣራ ከክፍሉ እንድትነሳ አድርገናል።»

«እሰይ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ይገባታል!» አለ ሌላው።

ኔቪል ተቀመጠ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሞሪንን አያት። አላጨበጨበችም። እጆቿን ቦርሳዋ ላይ አጣምራ ታየው ነበር፤ በቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ስብሰባው ሲያልቅ ሰው ሻይ ጠረጴዛው ላይ ከበበው። ናስሪን፣ የታክሲ ስልክ የምትቀበለው ወጣት ተወካይ፣ ትከሻውን መታ አደረገችው።

«አጎቴ ኔቪል፣ ዛሬ አንበሳ ሆንክ! እስከ ዛሬ የት ደብቀኸው ነው ይህን ሁሉ አፍ?»

ሳይመልስላት ሞሪን መጣች። ናስሪን ገጽታዋን አይታ ኩባያዋን ይዛ ገለል አለች።

«እጠይቃለሁ ማለትህን ለሮይ ነግሬው ነበር» አለች ሞሪን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሳቀ። አፉን ከድኖ ሳቀ። ከዚያ ነገረኝ።»

«ምን ነገረሽ?»

«አታውቅም? እጁን ያነሳው እኮ ተው ሊልህ ነው። በባዶ ድድ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት መጮህ አሳፈረው። አንተ ዞርክ።»

የኔቪል ብስኩት ሻዩ ውስጥ ወደቀ። «ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ? ለምን አልተናገራችሁም?»

«እኔማ ልናገር ነበር። ሮይ ነው የከለከለኝ። ‹ተይው› አለኝ። ‹ተይው ሞሪን፣ ያ ሰውዬ በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ አልወጣለትም። ይቺ ቀን ትውጣለት› አለኝ።»

ቢሰድበው፣ ቢከሰው፣ ጎረቤት ሰብስቦ ቢስቅበት ኔቪል ለሁሉም የሚሆን ቂም ነበረው። ለዚህ ግን የሚሆን አልነበረውም። የሮይ ምሕረትም እንደ ስድቡ ከላይ ወደታች የመጣ ነበር፤ ግን ምሕረት ነበር፣ እሱም በላዩ ላይ ቆሞ አስጨብጭቦበታል።

«ምሳ የምታነሳዋስ?» አለች ሞሪን። «ትናንት እያለቀሰች መጥታ ጥርሱን አልጣልኩትም አለችው። ‹አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ የኔ ልጅ› አላት። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ስምህን አላነሳም። እሷ ግን ልጆች አሏት ኔቪል።»

ይህን ብላ ሻርፗን ጠመጠመች።

ኔቪል ወደ መድረኩ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ተነስቷል፤ ያጨበጨቡለት እጆች ኮት ይቆልፋሉ። ማይክሮፎኑን አነሳ፣ ጠፍቷል። ወይዘሮ ፔኔሎፔ ወረቀቷን ስትሰበስብ አይታው ፈገግ አለች።

«ኔቪል፣ በቂ ነው፤ ዛሬ ግሩም ነበሩ።»

«እኔ ነኝ የጣልኩት» አለ።

«ምኑን?»

«ጥርሱን። በጉብኝቱ ቀን። ክንዴን ይዘው ሲያመሰግኑኝ ያኔ ነው።»

ፈገግታዋ ሳይጠፋ ዓይኖቿ ብቻ በሩን አዩ። «እንግዲህ... ይህን ነገ ቢሮ ውስጥ፣ ረጋ ብለን ብንነጋገርበትስ?»

ለአፍታ የቢሮው መንገድ አማረው። ቢሮ ውስጥ ነገር ሁሉ ይለሰልሳል። ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞረና ያለ ማይክሮፎን ጮኸ።

«ስሙኝ! ምሳ የምታነሳዋ ሴት አይደለችም! እኔ ነኝ! የሮይን ጥርስ የጣልኩት እኔ ነኝ!»

ግማሹ ወጥቶ ነበር። የቀረው ዞሮ አየው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱን «ምን አለ?» ሲለው፣ ያኛው ነገረው፤ ከዚያ የሚያውቀው ሳቅ ከበሩ አካባቢ ተነስቶ ወደ ውጭ ተከተለው። በማግሥቱ ክበቡ ሁሉ ሰምቶታል። ከአዳራሹ ሰው ናስሪን ብቻ አልሳቀችም፤ ሲወጣ የያዘውን ኩባያ ከእጁ ተቀብላው ሄደች።

በማግሥቱ ኔቪል ጥብጣቡን ቤት ትቶ፣ በጠያቂ ሰዓት፣ እንደ ማንኛውም ሰው ደወል ደውሎ በሩ እስኪከፈትለት ቆመ። ምሳ የምታነሳዋ ሴት ወደ ክፍሉ ተመልሳ ጋሪዋን እየገፋች አለፈችው። ማን እንደሆነ አወቀች፤ ሰላም አላለችውም። እሱም ሰላምታዋ እንደማይገባው ስላወቀ መሬት መሬቱን አየ።

ሮይ ከሩቅ አየው። ግራ እጁን አፉ ላይ ከደነ፣ ቀኝ እጁን አነሳ፤ እጁ ቀስ ብላ ግንባሩ ላይ ደረሰች።

ኔቪል ዘወር አላለም። ፊቱ እየነደደ እስከ አልጋው ሄደ፤ ያጠናው ንግግር ጠፋበት።

«ሮይ...» አለ።

ሮይ ከእጁ ሥር ሆኖ አጉተመተመ።

«ተቀመጥ አገረ ገዥ። ጠረጴዛዬን እንዳትነካ።»