በአንድ ክፍል የተሰበሰበ ሆስፒታል

የኦክስጅን ሲሊንደሩ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። ነርሷ መክፈቻውን ስትይዝ አረንጓዴው መዳፏ ላይ ተጣበቀ። አዞረችው፤ ድምፅ የለም። እስከ መጨረሻው አዞረችው። የመለኪያው ቀስት ዜሮ ላይ እንደተጋደመ ቀረ። ከመጋዘን አውጥተው፣ ቀለም ቀብተው፣ ከአልጋው ራስጌ ያቆሙት ሰዎች አንድ ጊዜ እንኳ ከፍተው አላዩትም።

አልጋው ላይ የተኛው የስምንት ወር ሕፃን ሳንባ ምች ከያዘው አራተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ከኦክስጅን ማሽኑ ጋር እንደተያያዘ ትታው ስትወጣ፣ ጣቱ ላይ የተሰካው የደም ኦክስጅን መለኪያ ዘጠና አራት ይል ነበር። አሁን ሰማንያ አራት ይላል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የጎኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

ማሽኑ የት እንደገባ እናትየውን ጠየቀቻት።

«ሁለት ሰዎች ወሰዱት፤ ይኼኛው አዲስ ነው ብለው» አለች እናትየው። «እኔም እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።»

ነርሷ ወደ በሩ ዞረች። ወዴት እንደወሰዱት ሌላ ሰው መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ሆስፒታሉ ዛሬ ሃምሳኛ ዓመቱን ያከብራል። እንግዳ በመጣ ቁጥር በዚህ ግቢ የሚደረግ ነገር አለ፤ በየክፍሉ ያለው ደህና ዕቃ ሁሉ ተለቅሞ መግቢያው አጠገብ ባለው ሰፊ ክፍል ይደረደራል። የማዋለጃው አልጋ፣ የላቦራቶሪው ማይክሮስኮፕ፣ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር፣ የሕፃናት ክፍሉ ማሽን። እንግዶቹ ያንን ክፍል አይተው፣ አድንቀው፣ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ከዚያ ዕቃው እንደ ውሰት ድስት ወደየቤቱ ይመለሳል። ሠራተኞቹ «ሆስፒታላችን ጤና የሚያገኘው እንግዳ ሲመጣ ነው» እያሉ ይቀልዳሉ።

ነርሷም አብራ ስትስቅ ኖራለች፤ ብልሃቱ የእሷ ነበርና። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በአንድ ክረምት፣ እንግዶቹ ጭቃ እየረገጡ ሰባት ባዶ ክፍል ከሚዞሩ ያለችንን ሰብስበን እናሳያቸው ያለችው እሷ ናት። በዚያ ዓመት አምቡላንስ ተሰጣቸው፤ አጨበጨቡላት። ለአንድ ቀን የተባለው ልማድ ሆኖ ቀረ።

በግቢው ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ «በኩር» ነው የሚሏት። ሆስፒታሉ በአንድ አሮጌ የጥጥ መጋዘን ሥራ ሲጀምር፣ ጣሪያው እንኳ በቅጡ ሳይከደን የተወለደች የመጀመሪያዋ ልጅ ናት። ስለዚህ በየበዓሉ ታሪኩን የምትናገረው እሷ ናት፤ የከተማው ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ግድግዳውን እንደጠገነ፣ ቁስል የሚያክም አንድ ድሬሰርና ሁለት አልጋ ብቻ እንደነበሩ፣ ዛሬ ግን ሃያ አራት ሰዓት የሕፃናት ሕክምና እንደሚሰጥ። የዛሬው ንግግር ሁለት ገጽ ሆኖ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ተቀምጧል።

ኮሪደሩ ላይ ሐኪሙን አገኘችው። ወጣት ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም። እንደመጣ ሰሞን ስለ ሁሉም ነገር ለምን እያለ ይጠይቅ ነበር፤ ሰዉ ሲስቅበት ተወው። ማሽኑ እንዲነሳ የፈረመው እሱ እንደሆነ ከፊቱ አነበበችው። ሲሊንደር ተተክቷል ብለውት፣ ደግሞም ለግማሽ ሰዓት ብቻ መሆኑን ነግረውት፣ እያለ ተንተባተበ።

«ሲሊንደሩን አየኸው?» አለችው። እስከ ዛሬ አንቱ ስትለው ነው የኖረችው።

«አላየሁትም።»

«ያን ያህል ባሕር ተሻግረህ የተማርከው ሳያዩ መፈረም ነው?»

በእጅ የሚጨመቀውን ማስተንፈሻ ይዞ ወደ ሕፃኑ እንዲሮጥ ነገረችው፤ ሮጠ። እሷ ወደ ሰፊው ክፍል ስታመራ የወረወረችው ቃል ተመልሶ ደረቷን መታት። እሷስ ሃያ ዓመት ሙሉ ምን አይታ ነበር?

ክፍሉ ያብረቀርቃል። ማሽኑ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሟል። ድምፁ ለእንግዶቹ እንዲሰማ አስነስተውታል፤ ሕመምተኛ በሌለበት ክፍል ኦክስጅኑን ለአየር ይነፋል።

ዳይሬክተሩ ከረባቱን እያስተካከለ ቀረበ። «በኩራችን፣ ደረስሽ? እንግዶቹ በር ላይ ናቸው። ዛሬ እንዳታሳፍሪን።»

ማሽኑን ልትወስድ እንደመጣች ነገረችው፤ የሕፃኑ ከንፈር እንደጠቆረም።

«አሥር ደቂቃ ብቻ ታገሺኝ። አይተው ይወጣሉ።»

«እርስዎ አሥር ደቂቃ ትንፋሽዎን ይያዙልኝ፤ እኔም እታገሣለሁ።»

ሶኬቱን ነቀለች። ዳይሬክተሩ እጀታውን ያዘ፤ እሷም አለቀቀችም። ሁለት ጎልማሶች ተጓተቱ። በመጨረሻ የለቀቀው እንግዶቹ ስለገቡ ነው። ሰው ፊት መጓተት አይወድም።

ከማሽኑ እግሮች አንዱ አይሽከረከርም። ወለሉን እያስጮኸች በእንግዶቹ መካከል ጎተተችው። መንገድ ለቀቁላት፤ አንዱ የዝግጅቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ከዚያ ግራ እንደተጋቡ ተከተሏት።

ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ እየጨመቀ በሹክሹክታ ይቆጥራል። ሰባ ስምንት ይላል መለኪያው። ነርሷ ሶኬቱን ሰካች፣ ቀጭኑን ቱቦ ሕፃኑ አፍንጫ ላይ አስተካከለች። ሰባ ዘጠኝ። ሰባ ስምንት። እንግዶቹ በሩ ላይ ተከማችተዋል። ከመካከላቸው መነጽር ያደረጉ አንዲት ሴትዮ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይህን ማሽን ከዚህ ልጅ ላይ ማነው ያነሳው?»

ሐኪሙ አቀረቀረ። ዳይሬክተሩ አነስተኛ አለመግባባት ተፈጥሮ እንደነበርና አሁን እንደተስተካከለ፣ ሻዩም እየቀዘቀዘ እንደሆነ ማስረዳት ጀመረ።

«እኔ ነኝ» አለች ነርሷ። «ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ።»

እናትየው ፊቷን ከልጇ ላይ አንስታ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት። ነርሷ ያ እይታ ጉንጯ ላይ ሲያርፍ ተሰማት፤ ግን ዓይኗን ከመለኪያው አልነቀለችም። ዳይሬክተሩ በሩን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ።

«አይዝጉት» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሰማንያ።