ረግረጉ በቤቴ ያለፈበት ቀን

ማዕበሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ከወደብ ከተማችን በስተምሥራቅ የነበረው ጨዋማ ረግረግ ከቦታው ተነሥቶ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ተገኘ። ከነሣሩ፣ ከነሸርጣኑ፣ ከነፍላሚንጎ ወፎቹ፣ ከነጭቃው ነው የመጣው። የተጓዘው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነው። መኪና ሲመጣ ወደኋላ ይላል፤ መንገዱ ጭር ሲልም አይሻገርም። ከመንገዱ ወዲያ የመንግሥት ቤቶች ነበሩ፤ ማንም ግባ አላለውም።

ያኔ በከተማው የመንገድና ሕንፃ ሥራዎች ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ለረግረጉ፣ ባለበት» ይላል። በአሥር ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዲመለስ ያዛል። የቀድሞ ቦታው ባሕር ሆኗል። ይህን ለአለቃዬ ለጓድ ውብሸት ነገርኩት። መሐንዲስ ነው፤ ከደጋ የመጣ፣ ባሕር ያየው በአርባ ዓመቱ ነው። «ደብዳቤው ወጪ ሆኗል» አለኝ።

በዚያው ቀን ሞሚና ቢሮ መጣች። ሞሚና አፋር ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ በእኔ ዕድሜ። ፍየሎቿና ሁለት ግመሎቿ የሚበሉት የረግረጉን ሣር ነው፤ ሌላ ግጦሽ የላትም። በአገሯ ደንብ ሁለት ሰው ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይነጋገራል። ዳጉ ይሉታል። ዳጉ የከለከለ በጥፊ ከመታ ይብሳል። እሷም ረግረጉን አስፋልት ዳር ስታገኘው ቁጭ ብላ ጠየቀችው። እሱ የሚናገረው ከሸርጣን ጉድጓዶች በሚወጣ አረፋ ነው። ንግግሩ አይከብድም፣ ይዘገያል እንጂ፣ አለችን።

«ባሕሩ ከፊቱ ይበላዋል» አለች። «ማዕበሉ ደግሞ ያንኑ ጭቃ ከኋላው ያጎርሰዋል። እየተበላና እየጎረሰ ነው እዚህ የደረሰው። አሁን ከኋላው አስፋልት ነው፣ መቀመጫ አጣ። የሚቀጥለው ማዕበል ሳይሻገር ከደረሰበት አለቀለት።»

«የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለ ውብሸት።

«በአሥራ ሁለት ቀን።»

«በምን ታወቀ?»

«ጠየቅሁት፣ ነገረኝ። አንተ የጠየቅከው አለ?»

ውብሸት ከአስፋልቱ ማዶ ባለው ዳር ረጅም ግንብ እንዲሠራ አዘዘ። አርባ ሠራተኛ ተቀጠረ፤ ሁሉም የሞሚና ወገኖች ናቸው። አካፋቸውን ይዘው ሲመጡ ረግረጉን እዚያው አገኙት። አካፋቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀንም እንደተቀመጡ ነበሩ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አለ ውብሸት።

«ዳጉ ላይ ነን» አለ ሁመድ፣ አለቃቸው።

«መቼ ያልቃል?»

«ገና ሰው ሳይፈጠር የዘነበውን እየነገረን ነው።»

«አቋርጡት።»

ሁመድ አዘነለት። «ጓድ፣ አባትህ ሲያወራ ታቋርጠዋለህ? ብታቋርጠውም አይገርመኝም፤ ፊትህ ላይ ያስታውቃል።»

ውብሸት ሁሉንም አሰናብቶ ከደጋ ስልሳ ሰው በካሚዮን አስመጣ። እነሱ ማንንም ምንም አልጠየቁም። በአምስት ቀን ግንቡ ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። ረግረጉ ቆሞ አየ። በባሕሩ በኩል ያለው ጠርዙ መፈራረስ ጀመረ፤ አልጋ አልጋ የሚያህል ጭቃ ከነሣሩ እየተገመሰ ይወድቃል። የሞሚና ፍየሎች ከቀን ወደ ቀን ወደ ግንቡ ተጠጉ።

ግንቡ ከቤቴ በቀር ክፍተት አልነበረውም። እኔ የምኖርበት የመንግሥት ቤት ከአስፋልቱ ማዶ፣ ልክ ዳሩ ላይ የተሠራ የቀድሞ ኬላ ስለነበር፣ መሐንዲሱ ሲሚንቶ ለመቆጠብ ግንቡን ከግራና ከቀኝ ከቤቴ ጋር አገናኝቶት ነበር። የፊት በሬ ወደ ረግረጉ፣ የጓሮ በሬ ከመንግሥት ቤቶቹ ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ይከፈታል።

ማዕበሉ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሞሚና ቤቴ መጣች።

«የሹመቤት፣ ሁለት በር አለሽ።»

«አለኝ።»

«አንዱን ለማን ነው ያስቀመጥሽው?»

ቤቱ የመንግሥት መሆኑን ነገርኳት። ከሥራ እንደሚያባርሩኝ፣ ከከተማውም እንደሚያስወጡኝ ነገርኳት።

«አዎ፣ ያስወጡሻል» አለች። «ግን አንቺ ብትባረሪ የምትሄጂበት አገር አለሽ። እሱ ከዚህ ሜዳ በቀር የለውም።»

ስለ እኔ የተናገረችው ልክ አልነበረም። ስለ እሱ ግን ልክ ነበረች። ሁለቱንም በር ከፈትኩና ግባ አልኩት።

ረግረጉ ራሱን አጥብቦ ገባ። ሸርጣኖቹ ግድግዳ ግድግዳውን፣ ሣሩ በመሐል ሄደ። ፍላሚንጎዎቹ መቃኑ ሥር ሲደርሱ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ወንበሬን አልነካም። እኔ እግሬን ሰብስቤ አልጋዬ ላይ መጽሐፍ አነብ ነበር። የረግረጉ ግማሽ ያህሉ ሲያልፍ ጓድ ውብሸት በፊት በር መጣ።

«ጓዲት፣ በሩን ዝጊ።»

«እያለፈ ነው።»

«ትዕዛዝ ነው።»

«ገብቶኛል፣ ጓድ። እርስዎም እንደሚያዩት እያለፈ ነው።»

ሊዘጋው አንድ እርምጃ ገባና እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። መውጣት አልቻለም። እዚያው እንደቆመ የስንብት ደብዳቤዬን በቃሉ ነገረኝ፤ ሌላ ጸሐፊ ስለሌለ እኔው በእጄ ጻፍኩት። ቤቱን በሦስት ቀን እንዳስረክብ ይላል። ሁለት ቦታ አረፍተ ነገሩን አስተካከልኩለት። አንብቦ ፈረመ።

«አሁን ዝጊው» አለ።

«አሁን የአንተ ሠራተኛ አይደለሁም» አልኩት። አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። «ቤቱም ለሦስት ቀን የእኔ ነው፤ ፈርመህበታል።»

ረግረጉ በውብሸት እግሮች መካከል አረፋ አወጣ።

«ወሬ እየጠየቀህ ነው» አለች ሞሚና ከጓሮ በር። «መልስለት እንጂ። ስድብ እኮ ነው።»

ውብሸት ወደ አረፋው ጎንበስ አለ። «ወሬ የለኝም» አለው።

ረግረጉ ይህንንም አዳመጠ። ከዚያ እግሩን ለቀቀው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የመጨረሻው ሸርጣን በጓሮ በር ወጣ። ረግረጉ ሜዳው ላይ ተዘርግቶ ተቀመጠ፤ ፍየሎቹም ተከትለውት ገቡ። እኔና ሞሚና ከሜዳው ዳር ወዳለ ጉብታ ወጣን። ውብሸት ጫማውን በእጁ ይዞ መጣና ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ።

ማዕበሉ በተባለው ቀን መጣ። አስፋልቱን ተሻግሮ ግንቡን ሳይጮህ አስተኛው፣ ቤቴንም አብሮ። ሜዳው አፋፍ ላይ ረግረጉን ሲያገኘው ግን ቆመ፤ ከከተማው ቤቶች ሁሉ በላይ ከፍ እንዳለ፣ እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ። ከረግረጉ አረፋ ወጣ። ማዕበሉም ይናገር ጀመር። በእያንዳንዱ ወሬ አንድ ጣት ውፍረት ያለው ጭቃ ያስቀምጣል፣ ረግረጉም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። እስከ ምሽት አላቆመም።

«ብዙ አለው» አለች ሞሚና።

ጠጋ ብለን አየን። በቆመው ውኃ ውስጥ፣ ከታች እስከ ላይ፣ የማናውቃቸው ሰዎች በረድፍ በረድፍ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አንገታቸውን ደፍተው ወሬያቸውን የሚነግሩበትን ተራ ይጠብቃሉ።