የሐኪም ትእዛዝ

በ፲፱፻፶ ዓ.ም. ሲስተር ሸዋአየሁ ዲፕሎማዋን በቦርሳዋ ይዛ በጭነት መኪና አዲ አርቃይ ደረሰች። እኔ ነጋ፣ በጣሊያን ጊዜ ቁስል ማጠብ የተማርኩ ድሬሰር፣ ክሊኒኩን አሥራ አምስት ዓመት ብቻዬን ይዤ ስለኖርኩ እፎይ አልኩ። እፎይታዬ ሳምንት አልሞላም።

ማክሰኞ ጠዋት ባንቺአየሁ የምትባል ወላድ በቃሬዛ አመጡልን። ልጁ ቤት በደህና ተወልዷል፤ የእናትየው ደም ግን አልቆም ብሏል። ባሏ አድማሴ ከቃሬዛው ጋር ሲሮጥ መጥቶ ትንፋሽ አጥሮታል።

መቼም ሐሰት አልናገርም፣ ሲስተሯ ሥራዋን ታውቃለች። እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፣ የልብ ምት ቆጠረች፣ «ማህፀኗ አልኮማተር ብሎ ነው» አለችኝ። የመድኃኒቱን ስምም ልኩንም በቃሏ ነገረችኝ። መርፌውን ቀቅዬ አቀረብኩላት። መድኃኒቱን ቀዳችና ሐኪም ትእዛዝ የሚጽፍበትን ካርድ ይዛ ቆመች።

«ሸጋ አድርገሽ ቀድተሻል፤ ምነው ቆምሽ?»

«የሐኪም ትእዛዝ እጠብቃለሁ።»

«ሐኪሙ ያለው ጎንደር! ሊማሊሞን ወጥተን ልንጠይቀው ነው?»

«ያለ ትእዛዝ የወጋች ጓደኛዬ ልትመረቅ አንድ ወር ሲቀራት ተባረረች፣ አያ ነጋ።»

እናንተ አስተማሪዎቿ፣ ምን ነካችሁ? ሐኪም ወደሌለበት አገር እንደምትልኳት እያወቃችሁ፣ ሐኪም ሲጠፋ ምን እንደምታደርግ አንድ ቀን እንኳ አትነግሯትም? ከሴትዮዋ ስር የተነጠፈው ጨርቅ ርሶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ጀምሯል።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ልትሞትብኝ ነው?» አለ አድማሴ።

ካርዱን ከእጇ ነጥቄ «ትወጋ። ነጋ» ብዬ ሞነጫጨርኩበት። አነበበችው። ወዲያው ወጋቻት። የእኔ የቁስል አጣቢው ፊርማ በቃት! ሆዷን ስታሽላት ቆየች፤ ደሙም እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ባንቺአየሁ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች።

አድማሴ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። «እሷን አመስግን» ብዬው ጨርቁን ልዘፈዝፍ ወጣሁ። እዚያው ብቆይ ክፉ ቃል ያመልጠኝ ነበር።

ስመለስ ሃያ ባዶ ካርድ ደርድራ ጠበቀችኝ።

«አያ ነጋ፣ ለሚመጡትም እንዲሆነኝ ቀድመው ይፈርሙልኝ።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኳት። በሃያውም ላይ፣ በሐኪሙ ስም ቦታ፣ ሸዋአየሁ ብዬ ጻፍኩ።