አንድ ፊደልና አንድ ነጥብ

ልጅቷ ስለ ቀንድ አውጣ እንቅልፍ የጻፈችውን ጥናት ስትጨርስ የምሥራቹን የነገረችው ለቀንድ አውጣዎቹ ነበር። ሌላ ለማን ትንገር? አባቷ ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ ነው። እነዚያ ፍጥረታት በብርጭቆ ዕቃ ሆነው መስኮቱ ደፍ ላይ ከተደረደሩ ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከልጁ ጋር የሚነጋገረው በእናቷ በኩል ነው።

«ንገሪያት» ይላል፣ ልጅቷ አጠገቡ ተቀምጣ። «አንዱ ዛሬም ጫማዬ ውስጥ አድሯል።»

እናትየዋ ወደ ልጇ ዞራ፣ «ሰምተሻል» ትላለች።

ጥናቱ በምትሠራበት ተቋም መጽሔት ላይ ከወጣ ልጅቷ ከረዳትነት ወደ መምህርነት ታድጋለች። ካልወጣ ውሏ ያበቃል። ስለዚህ ወረቀቷን አቅፋ አባ ኅዳግ ዘንድ ሄደች።

አባ ኅዳግ የመጽሔቱ የቅርጽ ተቆጣጣሪ ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው፤ በገጽ ዳር ለሚተወው ነጭ ቦታ እንደ እሱ የሚጨነቅ ሰው ስላላዩ። ጽሑፍ አያነብም፤ ይለካል። ማስመሪያውን በየገጹ ጠርዝ እያስተኛ የመስመሩን ርቀት፣ የፊደሉን መጠን፣ የሰንጠረዡን አናት ሁሉ አየ። እንከን አጣ። ቅር ብሎት ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ።

«የደራሲው ስም ልክ አይደለም» አለ።

«ስሜ እኮ ነው።»

«ይሁን። መመሪያው የመጨረሻው ስም ይቅደም ይላል። ከዚያ ነጠላ ሰረዝ። የፊተኛው ስም በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ፣ ከነጥብ ጋር።»

«የመጨረሻው ስም የአባቴ ነው።»

«ዕድሜ ይስጣቸው።»

«እኔ ታዲያ የት ገባሁ?»

በማስመሪያው ጫፍ ጠቆማት። «ይህችውልሽ። ነጥቧን እንዳትረሺ፤ ያለ ነጥብ አትቆጠሪም።»

ልጅቷ ሙግት አታውቅበትም። አፏ ላይ የደረሰውን ቃል አላምጣ የምትውጥ ዓይነት ናት። እሺ አለች።

መጽሔቱ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የሌላ ተቋም ተመራማሪ የአባትየውን ስም ከነማዕረጉ አስቀምጦ፣ «እኚህ አንጋፋ ሊቅ እንደሚሉት፣ ቀንድ አውጣ የሚተኛው ደክሞት ሳይሆን ዝናቡን ተስፋ ቆርጦ ነው» ብሎ ጻፈ። እናትየዋ ለባሏ ጮክ ብላ አነበበችለት።

አባትየው የሚተክለውን ቁልፍ ከነመርፌው አስቀመጠ። «እኔ ይህን ብያለሁ?»

«ተጽፏል።»

«የት?»

«ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ይላል።»

ብዙ አሰበ። «ብዬ ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «የማይባል ነገር አይደለም።»

«ልጅ የአባቱን ስም ያስጠራል ማለት ይሄ ነው» አለች እናትየዋ፣ ወደ ልጇ በቆረጣ እያየች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ጫማው ውስጥ ቀንድ አውጣ ሲያገኝ፣ «እንዳትነኩብኝ፣ እየተከታተልኩት ነው» ይላል። «ንገሪያት» የሚለውም ቀረ። በቀጥታ ልጁን ይጠራታል። «ነይ እስቲ አንቺ። ገጽ አምስት ላይ ትንሽ የቸኮልኩ አይመስልሽም?» ልጅቷ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ልትነግረው ስንት ጊዜ አፏን ከፈተች። ግን ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ፣ መነጽሩን አውልቆ መልሷን ሲጠብቅ አንጀቷ አልችል አለ። «ትንሽ ቸኩለሃል፣ አባዬ» አለችው።

ከዚያ ተቋሙ የጽሑፉን ደራሲ ለመምህርነት ቦታ ለቃል ፈተና ጠራ። ደብዳቤው የመጣው በአባትየው ስም ነው። ሁለቱም ሄዱ። አባትየው አንድ ደንበኛ አሰፍቶ ሳይወስደው የቀረ ኮት ለብሶ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል፤ መሐል ላይ አባ ኅዳግ። ግራና ቀኙ ሁለት ፕሮፌሰሮች፣ አንደኛው እንቅልፍ ወስዶታል።

«ቀንድ አውጣ ለምን ይተኛል?» ብሎ ጠየቀ የነቃው።

«እናንተስ ለምን ትተኛላችሁ?» አለ ልብስ ሰፊው።

የተኛው ባንኖ ነቃና መልሱን ጻፈው። «ጥልቅ ነው» አለ።

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ውሏ፣ አራት ዓመቷ፣ ዓይኗ እያየ በሌላ ሰው ኮት ሲወጣ ታያት። «ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምጿ ከሳል አይበልጥም።

አባ ኅዳግ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። «ፊደሏ ነሽ አይደል? ተመዝግበሻል። ማን ካደሽ?»

ቦታው ለአባትየው ተሰጠ። የሹመት ደብዳቤውም እዚያው ተጻፈ፣ በመመሪያው መሠረት። አባትየው መነጽሩን አድርጎ ሲያነበው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህ የአባቴ ስም ነው» አለ። «አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ።»

«ነፍሳቸውን ይማር። ሥራው ሰኞ ይጀምራል።»

«እኔስ?»

ማስመሪያው መጣ። «ይህችውልዎት።»

ልብስ ሰፊው ፊደሏን በአውራ ጣቱ ሸፈናት። ከነነጥቧ ጠፋች። ጣቱን አነሳ፣ መልሶ ሸፈናት። ከዚያ ዞሮ ግድግዳው ዘንድ የቆመችውን ልጁን አያት።

«እንዲህ አድርገውሻል?»

«ነጥብም አለኝ» አለች።

አባትየው ደብዳቤውን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ሙሉ ስሟ እንዲጻፍ ምን ይደረግ?»

አባ ኅዳግ መመሪያውን ገለጠ። እዚህ ላይ ደስ ብሎት ነበር፤ እስከ ዛሬ ይህን አንቀጽ የጠየቀው ሰው የለም። «አንድ ስም ብቻ ያለው ደራሲ ስሙ ሳያጥር በሙሉ ይጻፋል። ይህ የሚሆነው ግን አባት ከሌላት ነው።»

«የላትም» አለ ልብስ ሰፊው።

«አባዬ።»

«ዝም በይ። ማንን ነው የምትጠሪው?»

ቅጽ ቀረበ። አመልካቿ አባት እንደሌላት በቅርብ የሚያውቃት ሰው ፈርሞ ያረጋግጣል። ከፊርማው በላይ «ዝምድና» የሚል ክፍት ቦታ አለ። አባት ብሎ ቢጽፍ ቅጹ ይፈርሳል። «ዝምድና የለንም» ብሎ ቢጽፍ፣ ምን አግብቶህ ፈረምክ ይባላል። ልብስ ሰፊው ክር በመርፌ ቀዳዳ ሊያሾልክ እንደሚሞክር ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ «ጎረቤት» ብሎ ጻፈ።

«ምን ያህል ያውቋታል?» አለ አባ ኅዳግ።

«ግድግዳችን ስስ ነው። ስትጽፍ ይሰማኛል። አንዳንዴ ታለቅሳለች፣ ከዚያ መልሳ ትጽፋለች።»

ልጅቷ ወለሉን አየች። ማኅተሙ አረፈ። ስሟ ከነሙሉ ፊደሉ፣ ብቻውን፣ በሹመት ደብዳቤው አናት ላይ ተጻፈ።

አባ ኅዳግ እስከ ደረጃው ሸኛቸውና ሲወርዱ ሊያይ ቆመ። አባትየው እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። «ያዢኝ እስቲ፣ ያዳልጣል።»

ልጅቷ ወደ ኋላ አየት አደረገች። አባ ኅዳግ ጆሮውን አቁሟል።

«እሺ፣ ጋሼ» አለችና ክንዱን ያዘች።

አባትየው አንድ ደረጃ ወርዶ ቆመ። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶት ነበር።

«ጋሼ የምትይኝ መንገዱን እስክንታጠፍ ነው፣ አይደል?» አላት በሹክሹክታ።

«መመሪያውን አይቼ እነግርዎታለሁ» አለችው።