በመካከላቸው በር ያላቸው ክፍሎች

አባቴ፣ የመርከቡን ክፍሎች ያስቀየረችው እናትህ ናት አለኝ። «እኔማ አንተ የመረጥከውን ወድጄው ነበር። አሻፈረኝ ያለችው እሷ ናት። ‘የአንተ ማንኮራፋት እንኳን በር ተከፍቶለት ግንብም ሰንጥቆ ይመጣል’ አለችኝ። ምን ልበላት? ይሁን አልኩ።»

እናቴ፣ ያስቀየረው አባትህ ነው አለችኝ። «እኔ በሩ ያለበትን ነበር የምፈልገው። በየክፍሉ አንድ አዋቂ ሰው መኖር አለበት የሚል ደንብ አለ፣ ስለዚህ አንቺ ከአንዱ ልጅ ጋር፣ እኔ ከሌላው ጋር እንሁን ብሎ ራሱ ሄዶ ለወጠው። ማንኮራፋቱንማ ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም የምነቃው ሲያቆም ነው።»

እሱ ይህን የነገረኝ ጠዋት የመነጽር ሱቁን መዝጊያ አብረን እያነሣን ሳለ ነው። እሷ ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ተመልሳ በር ላይ ጫማዋን ስታወልቅ። ሁለቱም ረጋ ብለው ነው የተናገሩት። የሁለቱም ፊት እውነት የሚናገር ሰው ፊት ነበር።

በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው። ስሜ ተረስቶ «ዳኛው» ከተባልኩ ቆይቷል። ያወጣልኝ አባቴ ነው። ልጆች ሳለን እኔና እህቴ በመኪናው የመስኮት ወንበር ስንጣላ፣ ስንሄድ እሷ፣ ስንመለስ እኔ ብዬ ስለፈረድኩ «ይሄ ልጅ ዳኛ ነው፤ ጉቦ እንኳ አልጠየቀም» ብሎ ሳቀ፣ ስሙም በዚያው ጸና። ከዚያ ወዲህ የቴሌቪዥኑ ድምፅም፣ የሳሎኑ ቀለምም፣ የእንግዳ ፎጣ በማን እጅ እንደቆሸሸም ለእኔ ይቀርባል። ሁለቱን ወገን እሰማለሁ፣ ትንሽ አስባለሁ፣ እናገራለሁ። አልወደውም ብል ውሸት ነው።

የመርከቡን ክፍሎች እንድመርጥ የተደረገውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ሥራዬም ያግዛል፤ የሕንፃ ፕላን ነው የምሥለው። እናቴ ባሕር ላይ ማደር የምትመኘው ከድሮ ጀምሮ ነው። በዚህ ዓመት አባቴ ሾርባውን እየጠጣ፣ ሳይታሰብ፣ «እንሂድ» አለ። የምንሄደው አራታችን ነን፤ እሱ፣ እናቴ፣ እኔና «ፌንጣ» የምንላት ታናሽ እህቴ። ፌንጣ ኮሌጅ ልትጨርስ ጥቂት ነው የቀራት። ስሙን ያገኘችው በልጅነቷ ከሶፋ ሶፋ ስትዘል ነው፤ አሁን ብዙ አትዘልም፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

የመርከቡን ፕላን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሰነበትኩ። ክፍል የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው መስኮት መኖሩን ነው። ከክፍሉ በላይና በታች ምን እንዳለ ግን አያይም። ጥሩ የመሰለኝ አንድ ክፍል በቀጥታ ከዳንስ አዳራሹ ሥር ነበር፤ የሰው ተረከዝ ሲደበድበው ያድራል። ሌላው አሳንሰሩ ጎን ነው። ሌላው ደግሞ ፕላኑ ላይ መስኮት አለው፣ ግን የነፍስ አድን ጀልባ ተሰቅሎበታል፤ ባሕር አያለሁ ያለ ሰው የጀልባ ሆድ ሲያይ ይከርማል። ከፊት ያሉት ማዕበል ሲኖር ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ እናቴን ደግሞ አውቶቡስ እንኳ ያዞራታል። ለአራት ሰው የሚሆን አንድ ትልቅ ክፍልም ነበረ፤ ሁለቱ አልጋዎች ቀን ቀን ጣሪያው ውስጥ ተደብቀው ማታ ይወርዳሉ። ያን የተውኩት መታጠቢያ ቤቱ አንድ ስለሆነ ነው። ፌንጣ አንዴ ከገባች መርከቡ ወደብ ሳይደርስ አትወጣም።

በመጨረሻ ሰባተኛው ፎቅ መሐል ላይ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች አገኘሁ። በመካከላቸው በር አለ፤ ሲፈለግ ይከፈታል፣ ሲፈለግ ይዘጋል። በረንዳዎቹን የሚለየው መከለያም ለክፍል አስተናጋጁ ከተነገረው ይነሣል፣ ሁለቱ በረንዳዎች አንድ ይሆናሉ። ወላጆቻችን በአንዱ፣ እኔና ፌንጣ በሌላው።

በሩንና በረንዳውን የፈለግኩበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ለማንም አልተናገርኩትም። ቤታችን ውስጥ ዝምታ ገብቶ ነበር። ጠብ አይደለም፤ ጠብ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ይቀርብ ነበር። አባቴ ሱቅ ማምሸት አበዛ። እናቴ ተጨማሪ የሌሊት ተራ ራሷ ጠይቃ ወሰደች። ራት ላይ «ጨው አቀብዪኝ» ይላል፣ «እንካ» ትላለች፣ ወሬው በዚህ ያልቃል። ባሕር መሐል፣ የሚያመሹበት ሱቅ፣ የሚገቡበት ተራ በሌለበት፣ አንድ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሆነ ነገር ይነጋገራሉ ብዬ አሰብኩ። ያን በረንዳ የመረጥኩት ለእነሱ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ክፍሎቹን ካስያዝኩባት የጉዞ ወኪል መልእክት ደረሰኝ፤ ክፍሎቹ ተቀይረዋል። አንድ ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከፊት። አንድ ክፍል ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ከኋላ። በአንድ መርከብ ውስጥ ከዚህ በላይ መራራቅ የሚቻለው አንዱ ወደ ባሕሩ ከዘለለ ብቻ ነው። አባቴንና እናቴን ለየብቻ የጠየቅኳቸው ያኔ ነው፤ እነሱም አንዱ በሌላው አላከኩ።

ፌንጣንም ጠየቅኳት። ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ጥፍሯን ትቀባ ነበር።

«ማነው ያስቀየረው?»

«እኔን አታስገባኝ። ዳኛው አንተ አይደለህ እንዴ? ቁጭ በልና ፍረድ።»

«አንቺ ምስክር ነሽ።»

«የሥጋ ዘመድ ምስክር አይሆንም» ብላ ሳቀች። ከጥፍሯ ግን ቀና አላለችም።

በዚያ ሰዓት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዝምታው ክርክሩ ይሻላል። ስለ ማንኮራፋት፣ ስለ በር፤ ባልና ሚስት የሚነታረኩበት ነገር እኮ ነው። ሁለቱም እንዳልዋሹ አድርጌም አስታረቅኩት። እሷ ስለ ማንኮራፋቱ የቀለደችውን እሱ ከልቡ ወስዶት፣ ቅር ቢለው በደንቡ አሳብቦ ቀይሮታል። ሁለቱም የየድርሻቸውን እውነት ይዘዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ የድሮዎቹን ክፍሎች ላስመልስ ተነሣሁ።

የጉዞ ወኪሏ ቢሮ በጫማ ጠጋኝና በፎቶ ቤት መሐል የተሸጎጠ ጠባብ ክፍል ነው። ወኪሏ በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። በሰንሰለት አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለውን መነጽር የሠራላት አባቴ ስለሆነ፣ እኛን እንደ ደንበኛ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ነው የምታየን።

«ዳኛው መጣ» አለች። «ምን ልታዘዝ?»

«ክፍሎቹን ላስመልስ ነው። በመካከላቸው በር ያላቸውን።»

«ምነው፣ ሐሳባቸውን ቀየሩ?»

«ትንሽ አለመግባባት አለ። በየክፍሉ አንድ አዋቂ ይኑር የሚለው ደንብ፣ ክፍሎቹ ጎን ለጎን ከሆኑ አይላላም?»

መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ከላዩ አየችኝ።

«እሱ ደንብ ልጆች ላሏቸው ነው።»

«አሉ እኮ። እኔና እህቴ።»

«አንተ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«እሷስ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ታዲያ ልጆቹ የታሉ?»

በቤታችን እኔና ፌንጣ «ልጆቹ» ነን። ልጆቹ በሉ? ልጆቹ ገቡ? ይባላል። ጢሜን መላጨት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ያም ሆኖ አዋቂ ሲባል ትዝ የሚሉኝ ሁልጊዜ እነሱ ሁለቱ ናቸው። ደንቡን ስሰማ ራሴን ከአዋቂዎቹ ጋር መቁጠር በሐሳቤ አልመጣም። እናቴ ደግሞ እንደማይመጣልኝ አውቃ ነው የተናገረችው።

«ታዲያ ማነው ያስቀየረው?» አልኩ።

«አብረው ነው የመጡት» አለች ወኪሏ፣ ግድግዳው ሥር ወደ ተደረደሩት ወንበሮች በአገጯ እያሳየችኝ። «እህትህም ነበረች። የሚራራቁ ሁለት ክፍሎች አሉ ወይ አሉኝ። ጋሼን ታውቃቸው የለ፣ ‘ስንመለስ ለየብቻ መኖራችን አይቀር፤ ከአሁኑ እንልመደው’ ብለው እናትህን አሳቋት። እንዲህ በሰላም የሚለያዩ ባልና ሚስት አይቼ አላውቅም። የሰውማ ትዳር ሲፈርስ ሰፈር ይረብሻል።» ከዚያ ፊቴን አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። «አንተ አላወቅክም እንዴ?»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ አሁን አልገባኝም። ወንበሮቹን አየኋቸው። አራት ናቸው፤ በአራተኛው ላይ ካርቶን ተቆልሏል።

«እኔ በየትኛው ክፍል ነኝ?»

«አንተ ከጋሼ ጋር፣ አራተኛው ፎቅ። እህትህ ከእናትህ ጋር። ቤቱም እንደዚያው ነው አሉኝ፤ አንተና ጋሼ እዚያው ትቀራላችሁ፣ እነሱ አዲስ ቤት ይገባሉ።» ቆም አለችና፣ «ውሃ ልስጥህ?» አለች።

ውሃውን አልጠጣሁም። አመስግኜ ወጣሁ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። መንገዱን ሁሉ እሱን ሳሰላስል ሄድኩ። ሰው ይለያያል፤ ይህን አውቃለሁ። ቢነግሩኝ ኖሮ አዝኜ፣ ጠይቄ፣ በመጨረሻም ተቀብዬ ነበር። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። እናቴና አባቴ ማን እንዳስቀየረ ሲካሰሱ እኔ ልቤ ሞቆ ነበር። እያንዳንዱን ቃላቸውን ይዤ ስመዝን፣ ለሁለቱም ሰበብ ስፈልግላቸው ነበር። በዚያን ጊዜ እነሱ ተስማምተው፣ ክፍላቸውን መርጠው፣ ስቀው፣ ቤቱን ተካፍለው ጨርሰዋል። እኔም ከተካፈሉት ውስጥ ነበርኩ።

ቤት ስደርስ ምሳ ቀርቧል። ሦስቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል። አባቴ ዳቦ እየቆረሰ ቀና አለ።

«እህ ዳኛው፣ ችሎቱ ተሰየመ? ማን ረታ?»

«ሁለታችሁም ዋሽታችኋል» አልኩ።

የአባቴ እጅ ዳቦው ላይ ቆመ። እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ማን ነገረህ?» አለች። ስለ ምን እንደማወራ አልጠየቀችም።

«ወኪሏ። የማውቅ መስሏት ነው።»

«መርከቡ ላይ ልነግርህ ነበር» አለ አባቴ። «አየሩ ደህና ሲሆን። እኔና አንተ ክፍላችን ውስጥ ቁጭ ብለን፣ እንደ ወንድና ወንድ።»

«ፌንጣስ መቼ ተነገራት?»

ወደ ራሷ ዞርኩ።

«ፌንጣ?»

«ቆየ» አለች ሳህኗን እያየች። «ጉዞው ሳይታሰብ በፊት።»

«ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?»

እናቴ ናት የመለሰችው። «አንተ ልጄ፣ ለየብቻ ታስቀምጠንና ትጠይቀን ነበር። አንተ ምን አልክ፣ አንቺ ምን አልሽ ትለን ነበር። እኛ ጨርሰናል፤ የሚጣራ ነገር የለንም። ጥፋተኛም የለም። ያን ሁሉ ደግሞ ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ደከመኝ፣ የኔ ጌታ።»

«ታዲያ ማንኮራፋቱ? ደንቡ?»

አባቴ ወደ ፌንጣ አየ። «የእሷ ሐሳብ ነው።»

«አባዬ» አለች ፌንጣ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ክፍሎቹ መራራቃቸውን ማየትህ አይቀርም፤ ፕላን ላይ ያለ ነገር ከአንተ ዓይን አያመልጥም። ሁለቱም ዝም ካሉ ትጠረጥራለህ። አንዱ በአንዱ ካላከከ ግን ማስታረቅ ትጀምራለህ። ጉዳይ ከተሰጠህ ሌላውን አታይም፣ እስከ ጉዞው ይይዝሃል አልኳቸው። ለክፋት አይደለም ወንድምዬ። እውነቴን ነው።»

ለክፋት እንዳልሆነ አመንኳት፤ የባሰብኝም እሱ ነው። የማያውቀኝ ሰው እንዲህ ሊያታልለኝ አይችልም ነበር። የት ጋ ዓይኔ እንደሚያይ፣ የት ጋ እንደማያይ፣ ምን ቢሰጠኝ እንደምጠመድ ሦስቱም ተቀምጠው መክረዋል። ምናልባት በዚያች ጠባብ ቢሮ፣ ምናልባትም በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ፕላኑን የዘረጋሁበት ቦታ ተቀምጠው።

«የሳሎኑ ቀለምስ?» አልኩ።

«ምን?» አለች እናቴ።

«ያኔ በቀለሙ ስትከራከሩ። እሱም ለእኔ ተብሎ ነበር?»

«ኧረ እሱ እውነት ነው» አለች። «ያን አረንጓዴ እስከ ዛሬ አልወደውም።»

አባቴ ሳቁ አመለጠው፤ ፌንጣም ልትከተለው ከጀላት። ለአፍታ እንደ ድሮው ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔም ልስቅ ነበር። ሳቁ ግን አልመጣልኝም፤ እነሱም እንዳልሳቅኩ ሲያዩ አንድ በአንድ ተዉት።

እናቴ የእኔን ሾርባ ወደ ጠርዙ ገፋ አደረገችልኝ። «ተቀመጥና ብላ፤ ቀዘቀዘ።»

አባቴ ዳቦውን አስቀምጦ እጁን በናፕኪን ጠረገ። «እሺ፣ አጥፍተናል። ያለፈውን መመለስ አይቻልም» አለ። «ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አንተው ምረጥ። አራተኛው ፎቅ ከእኔ ጋር ካልፈለግክ፣ ዘጠነኛው ከእናትህ ጋር ሁን፤ ፌንጣ ወደ እኔ ትመጣለች። ቤቱም እንደዚያው ይሆናል። አንተ ያልከው ይጸናል፤ እኛ ምንም አንልም።»

ይህን ያለው ሊክሰኝ ብሎ ነው። አባቴ ሰው ሲያስቀይም የሚክሰው ባለው ነገር ነው፣ በእጁ የነበረውም ይሄው ምርጫ ነው። ሦስቱም ቀና ብለው ጠበቁኝ። ፌንጣ ከንፈሯን ነክሳለች። እናቴ ባዶውን ወንበር ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ እንድቀመጥ ቦታ አበጀችልኝ።

ወንበሩን ይዤ ቆምኩ፤ አልተቀመጥኩም።

«ከአባዬ ጋር አልሆንም፣ ከእማዬም ጋር አልሆንም» አልኩ። «ሰኞ ሄጄ መርከቡ ላይ ለብቻዬ ክፍል እይዛለሁ፤ ስንመለስም ለብቻዬ ቤት እከራያለሁ።»