ለማን ነው የተነሳሽው?

መርሳ ከተማ ላይ የአንድ ሰፈር ቅሬ ለሁለት ሊከፈል የደረሰው በጋሽ በላይ ምክንያት ነው። ጋሽ በላይ ግን ምንም አላደረጉም። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ትንሽ ዘግይተው ገቡ። ይኸው ነው።

ነገሩ የጀመረው በድንኳን ነው። ቅሬው ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ድስትና ወንበር የሚያወጣ፣ ክርስቲያኑንም እስላሙንም አንድ ላይ የሚያስተዛዝን የሰፈሩ ማኅበር ነው። ድንኳኑ ግን አንድ ብቻ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከአስፋልቱ ወዲህና ከአስፋልቱ ማዶ በአንድ ቀን ለቅሶ ሆነ። ድንኳኑ ወዲህ ተተከለና የማዶው ለቀስተኛ ዝናብ ሲወርድበት ዋለ። ከዚያ ወዲያ "ማዶ የራሱን ቅሬ ያቁም" የሚል ወሬ መጣ። አንዱ "ይሻላል" ሲል ሌላው "አባቶቻችን አብረው ሲቀባበሩ ኖረው እኛ ልንለያይ?" ይላል። በመጨረሻ የቅሬው ዳኛ ሽፈራው፣ መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ሲያዳምጥ የሚውል ሰው፣ "ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ" አለ። ቃሉ ትልቅ ነበርና ሁሉም እሺ አለ።

ፀዳለ የምትኖረው ወዲህ ነው፤ ጓደኛዋ አበበች ደግሞ ማዶ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት አስፋልቱን እየተሻገሩ ነው። አንዷ ገበያ ስትወጣ ሌላዋ የጓደኛዋን ልጅ ጡት እስከማጥባት ደርሳለች። የፀዳለ ባል የሞተ ጊዜ አበበች አርባው እስኪወጣ ድረስ ከአጠገቧ አልተለየችም። ስለዚህ ፀዳለ ቅሬው ይከፈል ሲባል ስትሰማ መጀመሪያ የመጣባት የራሷና የአበበች ለቅሶ ነው። እኔ ብሞት አበበች እንደ እንግዳ ከዳር ልትቀመጥ ነው? እሷ አንድ ነገር ብትሆንስ፣ እኔ ድስቱን የምጥደው የማንን ፈቃድ ጠይቄ ነው? 

መጨነቅ ለፀዳለ አዲስ አይደለም። ልጇ አቤል በወልድያና በመርሳ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ከጦርነቱ ክፉ ጊዜ ወዲህ፣ ልጇ መንገድ ላይ እስካለ ድረስ፣ ፀዳለ የትም ብትቀመጥ በር በር ታያለች። ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም የምትመርጠው ቦታ መንገዱን የሚያሳየውን ነው። በቅርቡ በጀመረችው የጎልማሶች ትምህርት እንኳ መምህሯ "እትዬ ፀዳለ፣ ፊደሉ ያለው ሰሌዳው ላይ ነው፣ በሩ ላይ አይደለም" እያለች ትስቅባታለች።

ሕዝበ ውሳኔው እሁድ ጠዋት በቅሬው ዕቃ ቤት ግቢ ተደረገ። ፀዳለ እንደ ልማዷ ከግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ፣ ፊቷን ወደ ቆርቆሮው በር አዙራ ተቀመጠች። አንዱ የበሩ ክንፍ ክፍት ስለነበር አስፋልቱ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይታያታል። አበበች ጉልበቷን ስለሚያማት ሩቅ ሳትሄድ፣ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ አረፈች። ፊት ለፊት ተያይተው ተሳሳቁ።

ሽፈራው ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ነገር አናብዛ። ማዶ ለብቻው ይሁን የሚል ይነሳ! የቅሬው ጸሐፊ አብዱልሐሊም ይቆጥራል።"

ጥቂት ሰዎች ብድግ አሉ። ሌላው እንደተቀመጠ ግራ ቀኙን ይመለከታል። አብዱልሐሊም ጣቱን ቀስሮ መቁጠር ጀመረ። ልክ በዚህ ጊዜ ፀዳለ በክፍቱ በር በኩል አንድ ነጭ ጋቢ ከመንገዱ ወደ ግቢው ሲያዘነብል አየች። ጋሽ በላይ ናቸው፤ የሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ ስንቱን ያስታረቁ፣ እሷንም ለወግ ለማዕረግ ያበቁ። አላሰበችበትም። እግሯ ራሱ አነሳት። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

አበበች አየቻት። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ጋሽ በላይ በሩን ያለፉት ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ "ኖር!" አለ። "ኖር! ኖር!" ግቢው በሙሉ ተነሳ።

"በእግዚአብሔር! ኧረ ተቀመጡ ልጆቼ፣ ምነው!" አሉ ጋሽ በላይ። ግን እሳቸው ሰላምታ ማሳጠር አያውቁም። የዚህን ልጅ ፈተና፣ የዚያን ሰው ላም እየጠየቁ ቦታቸው እስኪደርሱ ድረስ የተቀመጠ አልነበረም። አብዱልሐሊም ደግሞ የታዘዘውን የሚሠራ ሰው ነው። የቆመ ቁጠር ተብሏል፣ የቆመ ቆጠረ። ራሱም ቆሞ ስለነበር ራሱን ጨመረ።

"ማዶ ለብቻው እንዲሆን በከፍተኛ ድምፅ ተወስኗል!" አለ ሽፈራው።

"ምን? እኔ የተነሳሁት ለጋሽ በላይ ነው!" አለ አንዱ።

"አሁን መካድ የለም!" አለ ሌላው።

"አንተ ሽፈራው፣ አይታይህም እንዴ?"

"እኔ የሰው ልብ አላይም። እኔ የማየው የቆመና የተቀመጠ ነው" አለ ሽፈራው።

ጋሽ በላይ ከዘራቸውን ተደግፈው "ማን ሞተ? ምን ሆናችሁ ነው?" ይላሉ። 

ፀዳለ በማግስቱ ጠዋት አስፋልቱን ተሻግራ አበበች ቤት ሄደች። አበበች ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና አላለችም።

"ደህና አደርሽ፣ አበቡ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ያን ነገር እኮ ... እኔ የተነሳሁት ለጋሽ በላይ ነው።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።"

"እኔን እንደ ሁሉም ታደርጊኛለሽ?"

አበበች ቢላዋውን አስቀመጠች። "ሌላውማ ከ'ኖር' በኋላ ነው የተነሳ፤ እምነዋለሁ። አንቺ ግን ጋሽ በላይ ሳይገቡ ነው የተነሳሽው። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"በበሩ አየኋቸዋ!"

"በቆርቆሮ አሳልፈሽ አየሽ? ተይኝ እስቲ ፀዳለ። መለየቱን ከፈለግሽው ፈለግሽው ነው፤ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለችና ሽንኩርቷን ቀጠለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ ፀዳለ መጠየቅ አልደፈረችም።

በዚያ ሳምንት መርሳ ሌላ ወሬ አልነበራትም። አቤል ከወልድያ ሲመለስ "እማ፣ ሚኒባሱ ውስጥ እኮ ሲሪንቃ ላይ ጭቅጭቅ ጀመሩ፣ መርሳ ደርሰንም አልወርድም አሉኝ" ይላል። ወደ ግራና ከተማ ገበያ የሄዱትም ስለዚሁ ሲነታረኩ ውለው መጡ። አስቂኙ ነገር፣ መለየቱን ከልባቸው ፈልገው የተነሱት እንኳ አሁን ጎረቤት ሲቆጣቸው "ለጋሽ በላይ ነው" ይላሉ። እውነተኛውን ከውሸተኛው የሚለይ ጠፋ። ጋሽ በላይ ይህን ሲሰሙ ከቤት መውጣት አቆሙ። "በእኔ ሰበብ ሕዝብ ተጣላ" እያሉ ቆሎ እንኳ አልቀምስም አሉ ተባለ።

በዚህ ጊዜ ሽፈራው ራሱ ደነገጠ። ሱቁ መጥተው ዝም ብለው ዕቃ ገዝተው የሚሄዱ ሰዎች በዙ፤ እሱ ደግሞ ወሬ የሌለበት ሽያጭ አይሆንለትም። "እሺ፣ ይደገም" አለ። "ግን በምን? መጀመሪያ እሱን እንስማማ።"

እንደገና ተሰበሰቡ፤ ይኸኛው ስብሰባ ከፊተኛው የባሰ ሆነ።

"እጅ እናውጣ" አለ አንዱ።

"ባሌ እጁን አውጥቶ እያየኝ እኔ እጄን ላጥፍ? ማታ ማን ያስታርቀናል?" አለች ከወደ ኋላ አንዲት ሴት። ሰው ሳቀ።

"በሰልፍ ይሁን። የሚለይ በዚህ፣ የማይለይ በዚያ።"

"ለክርስትና አባቴ ጀርባዬን ሰጥቼ ልሰለፍ? አላደርገውም።"

የአበበች ልጅ ህሊና ብድግ አለች። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ነገር የሚገባት ልጅ ናት። "ችግሩ ሁሉ እኮ መተያየታችን ነው። በወረቀት ይሁን፣ በምስጢር። እያንዳንዱ 'አንድ' ወይም 'ሁለት' ብሎ ይጻፍ፣ ወረቀቱን አጥፎ ይክተት። ማን ምን እንዳለ ማንም አያውቅም።"

"ጎሽ! የተማረ ይግደለኝ!" አለ ሽፈራው።

የፀዳለ ልብ ዘለለ። ወረቀት! "አንድ" የሚለውን እኮ ያለ ማንም እርዳታ ትጽፈዋለች። 'አ'ን፣ 'ን'ን፣ 'ድ'ን፣ ያውም ቀጥ ባለ መስመር። በሕይወቷ የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው ጽሑፏ ይሆን ነበር። እጇ ገና ከአሁኑ እስክሪብቶ የያዘ መሰላት። ከዚያ ቀና ስትል አበበችን አየች። አበበች የነጠላዋን ጥለት እየጠቀለለች እየፈታች ነው። ፀዳለ ያን እጅ ታውቀዋለች። ትምህርቱን አብረን እንጀምር ብላ ስትለምናት "በዚህ ዕድሜዬ ልጅ ይሳቅብኝ?" ስትል፣ ልጇ ፊት "መነጽሬን ረሳሁ" ብላ ስታልፍም እንዲሁ ጥለት የሚጠቀልል እጅ ነው። መነጽር ኖሯት አያውቅም።

ፀዳለ ተነሳች፤ ወዲያው ሰው ሁሉ እንደሚያያት ሲገባት ነጠላዋን አስተካከለች።

"አሁንስ ለማን ነው የተነሳሽው?" አለ አንድ ጎረምሳ። ሳቅ ሆነ። አበበች አልሳቀችም።

"ለመናገር ነው የተነሳሁት፣ የኔ ጌታ" አለች ፀዳለ። "እኔ ... ወረቀቱ ጥሩ ነው። ግን እኔ ጀማሪ ነኝ፤ ስጽፍ እዘገያለሁ፣ እሳሳታለሁ። አንዱን ጻፍልኝ ብለው ደግሞ ድምፁ የሱ ሆነ፣ ምስጢሩም ቀረ። እህል ሁሉም ያውቃል። አንድ እንሁን የሚል ሽምብራ፣ እንለይ የሚል ማሾ ይጣል። ድንኳኑን ጋርደን፣ እንስራ አስቀምጠን።"

 ወዲያው ክርክሩ ፈነዳ።

"ሽምብራ ሲወድቅ ጧ ይላል! ማሾ አይሰማም! ድምፁ ያስታውቃል!"

"እንስራው ውስጥ ጥጥ ይነጠፍ።"

"ምርጥ ዘር ከሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ይምጣልን በላ!"

"የሽፈራው ዶሮዎች ድምፃችንን ቢለቅሙትስ?"

"ዶሮዎቼን አስራቸዋለሁ" አለ ሽፈራው ኮስተር ብሎ። እንደዚህ ሆኖ በእህል እንዲሆን ተስማሙ። አበበች ጥለቷን ለቀቀች። ስትወጣ በፀዳለ አጠገብ ስታልፍ እርምጃዋ ትንሽ ዘገየ።

የሁለተኛው ሕዝበ ውሳኔ ቀን ፀዳለ አንድ ነገር ቆረጠች። ከእንግዲህ በር አላይም። ማልዳ መጣችና በሩ አጠገብ፣ ያን ቀን አበበች የተቀመጠችበት ዱካ ላይ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ተቀመጠች። አበበች ስትመጣ ሌላ ቦታ አልነበረም። ጉልበቷን እየያዘች ከግድግዳው ሥር ወዳለው አግዳሚ፣ ወደ ፀዳለ የድሮ ቦታ፣ ሄደች።

በር አላይም ማለት ቀላል ነው። ከአስፋልቱ የመኪና ድምፅ በመጣ ቁጥር የፀዳለ አንገት ይዞራል፣ ትመልሰዋለች፣ ደግሞ ይዞራል። አቤል በዚህ ሰዓት መድረስ ነበረበት። ምነው ቆየ? ጎማ ይሆን? ሌላ ነገር ይሆን? ሽፈራው ለእያንዳንዱ አንድ ሽምብራና አንድ ማሾ እንደሚታደል፣ አንዱን ብቻ መጣል እንዳለበት ያብራራል፤ እሷ ግን የምትሰማው የሞተር ድምፅ ብቻ ነው።

አበበች ይህን ሁሉ ከፊት ለፊት ታያለች። አንገቱ ሲዞር፣ ሲመለስ። ከዚያ ዓይኗን ከፀዳለ ጭንቅላት አሳልፋ ወደ ክፍቱ በር ላከች። አስፋልቱ ወለል ብሎ ታያት፤ እስከ መታጠፊያው፣ ማዶ እስካለው የራሷ ቤት አጥር ድረስ። ረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየች።

"ፀዳለ" አለች።

ከዚያ ከሽንኩርቱ ጠዋት ወዲህ ስሟን ስትጠራት የመጀመሪያዋ ነው። ፀዳለ ክው አለች።

"አቤል ገብቷል። መኪናውን እያቆመ ነው። አብሽሪ፣ አንገትሽን አሳርፊ።"

ፀዳለ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ልትመልስላት ስትል ግን አበበች ከአግዳሚው ላይ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ደግፋ፣ ያንን የሚያማት ጉልበቷን እየጎተተች መነሳት ጀመረች። ግቢው ውስጥ የቆመ ሌላ ሰው የለም። ሽፈራው ንግግሩን አቋረጠ።

"ምን ሆንሽ አበበች? ገና እኮ ጣሉ አላልኩም!"

አበበች ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ፣ ዓይኗን ግን ፀዳለ ላይ አሳርፋ፣ "ኖር" አለች።

ከአፍታ በኋላ የጋሽ በላይ ከዘራ የበሩን ደፍ ነካ፤ ድምፅ ሊሰጡ ከቤት መውጣታቸው ነው።

"ኖር! ኖር!" ግቢው እንዳለ ተነሳ።

"በእግዚአብሔር! ኧረ እባካችሁ አትነሱ፣ ደግሞ ልትጣሉብኝ ነው!" አሉ ጋሽ በላይ፣ ግማሽ በሳቅ ግማሽ በልመና።

"ይህ አይቆጠርም!" ሽፈራው ጮኸ። "አብዱልሐሊም! ይህ አይቆጠርም!"

"ወላሂ እጄንም አላነሳሁ!" አለ አብዱልሐሊም። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ ጋሽ በላይም አብረው ሳቁ፤ የአንዱን ላም ለመጠየቅም ጊዜ አገኙ።

ፀዳለ ተሻግራ አበበች አጠገብ ሄደች። አበበች ክንዷን ይዛ ቁልቁል ወደ አግዳሚው ሳበቻት፤ ለሁለት የማትበቃ ቦታ ላይ ተጣበው ተቀመጡ።

"ከዚህ ላይ ሁሉም ነገር ይታያል ለካ" አለች አበበች ቀስ ብላ።

"አዎ።"

"የኔም ቤት ይታያል። የኔን ቤት ታያለሽ ለካ ሁልጊዜ።"

"አንቺንም ነው የማየው እኮ።"

አበበች በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ተራቸው ሲደርስ አበበች በፀዳለ ትከሻ ተደግፋ እስከ ድንኳኑ መጋረጃ ድረስ ሄደች። ቀድማ ገባች፤ ስትወጣ ፀዳለ "ምን ጣልሽ?" ብላ በጆሮዋ ጠየቀቻት።

"ምስጢር ነው ተብሏል" አለች አበበች። ከዚያ መዳፏን ከፈት አድርጋ ሳትጥለው የቀረውን ፍሬ አሳየቻት። ማሾ ነበር።

ቅሬው አንድ ሆኖ ቀረ፤ ሁለተኛ ድንኳን ይሰፋ ተባለ። የተሸነፉት ትንሽ አጉረመረሙ፤ አንዳንዶች እስከ ዛሬም ሽምብራው ስለሚከብድ ነው ያሸነፈው ይላሉ። ያን ዕለት ግን ሁለቱ ሴቶች አስፋልቱን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲሻገሩ፣ ህሊና ከኋላ ትከተላለች፤ አበበች ልጇ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፦

"ያ ትምህርት ... በስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?"

"አሥር ሰዓት ላይ። ነይ ብዬ እጠራሻለሁ።"

"እሺ። ግን በሩን የሚያሳየው ቦታ ላይ እኔ ነኝ የምቀመጠው" አለች አበበች። "አንቺ ሰሌዳውን እዪ። አቤልን እኔ አይልሻለሁ።"