ከበሩ ወዲህ

«በዚህኛው ነው የምንጠቀልለው» አሉ ሽማግሌው ካሲርዬ፣ ከሟች ልጃቸው ዕቃ መሃል ያገኙትን የተጠቀለለ ሥዕል በብብታቸው ይዘው።

በተነጠፈው የደረቀ የሙዝ ቅጠል ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ቀና ብለው አዩዋቸው። ሬሳው መሃል ላይ ተጋድሟል፤ የቀብሩ ሰዓት ደርሷል። ካሲርዬ እንቅልፍ በዓይናቸው ከዞረ ሰንብቷል። ሰው ሁሉ እየመጣ ሲያጽናናቸው መልስ መስጠቱ ራሱ ታክቷቸዋል።

«አባዬ፣ እሱ እኮ ለኤግዚቢሽኑ ነው» አለች ልጃቸው ናኩ። «አዘጋጇ ቢሩንጊ ከካምፓላ ድረስ የመጣችው እሱን ልትወስድ ነው።»

«ሉቡጎ አይደለም እንዴ? ሉቡጎ የሬሳ ነው!»

እውነታቸውን ነው። በእነሱ አገር በማሳካ ሬሳ የሚጠቀለለው ከዛፍ ቅርፊት ተቀጥቅጦ በሚሠራው በዚሁ ቡናማ ጨርቅ ነው፤ ካሲርዬም ዕድሜያቸውን የፈጁት እሱን ሲቀጠቅጡ ነው። ናኩ ግን አባቷን ታውቃለች። ሥዕሉ ከወንድሟ ጋር አፈር እንዲገባላቸው ነው የፈለጉት።

ሟቹ ሴምፓ ልጅ ሳለ በአባቱ ሉቡጎ ላይ በከሰል ሥዕል ሞነጫጨረ። ካሲርዬ ዕቃ ቤት አስገብተው ቆለፉበት። ቅጣቱ በዚያ ቀን ብቻም አላበቃም። አድጎ ካምፓላ ገባ፣ ስመ ጥር ሠዓሊ ሆነ፤ ዕድሜውን ሙሉ የሳለው ግን ያንኑ ዕቃ ቤት ነው። መስኮት የሌለው ክፍል፣ ጥግ ላይ የተኮራመተ ልጅ። ያውም በሉቡጎ ላይ! ከተሜው አደነቀለት፤ ሰፈሩ ግን «ካሲርዬ ልጁን ምን ቢያደርገው ነው?» ይባባል ጀመር። ዐውደ ርእይ በከፈተ ቁጥር አባቱን ይጠራል። እሳቸው አንድም ቀን አልሄዱም።

«አንተ ካሲርዬ» አሉ ታላቅ ወንድማቸው ዋሉሲምቢ። «ድሮም ደንበኛህን አስረጅተህ ነበር ጨርቅ የምትሰጠው። ዘርጋውና እንጨርስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

ዘረጉት።

«ያው ክፍል ነው ደግሞ» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

ክፍሉ አልነበረም። በሩ ከውጭ ነው የተሳለው። ከተዘጋው በር ሥር አንድ ጎልማሳ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጆሮውን ሳንቃው ላይ ለጥፎ ያለቅሳል።

ካሲርዬ ጎልማሳውን አወቁት። ቆልፈውበት ርቀው ሄደው አያውቁም ነበር። ለቅሶው እስኪበርድለት እዚያው ተቀምጠው አብረውት ያለቅሱ ነበር። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

«ያውቅ ነበር?» አሉ ወደ ናኩ ዞረው።

«በበሩ ስንጥቅ ያይዎት ነበር» አለች ናኩ። «ለምን አትነግራቸውም ስለው፣ ይምጡና ራሳቸው ይዩት አለኝ።»

ሽማግሌው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ማንም «በቃ» አላላቸውም። ሲወጣላቸው ሥዕሉን በገዛ እጃቸው ጠቀለሉና ለቢሩንጊ ሰጧት።

«ሁሉንም ስቀይው» አሏት። «ዕቃ ቤቱንም።»

ወንዶቹ ሬሳውን ለቀስተኛ ባመጣው ሉቡጎ ጠቅልለው በገመድ አሰሩት። ሊያነሱት ሲያጎነብሱ ካሲርዬ እጃቸውን አነሱ።

«አጥብቃችሁበታል።»

በደረቱ በኩል ያለውን ቋጠሮ ፈቱና፣ አላልተው መልሰው አሰሩት።